ለትርንጎ የሚላክ ፎቶ

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

ካሜራው መጣ። ከሥራ በቀጥታ ፖስታ ቤት ሄጄ፣ ዱቄቴን እንኳ ሳላራግፍ፣ ሣጥኑን ታቅፌ በአውቶቡስ ሰፈራችን ሺምሾን ድረስ አመጣሁት። ቤት ገብቼ ከፈትኩት። ብስኩት ፋብሪካው ውስጥ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ለራሴ ብዬ የገዛሁት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ሌላው የልጄ የሺረል ጥርስ ማሰሪያ ነው፣ የእማዬ መድኃኒት ነው፣ የቤት ኪራይ ነው። ወንድሜ ሰማኝ "ሰው በዚህ ገንዘብ መኪና ይለውጣል፣ አንቺ ዓይን ገዛሽ" አለኝ። ይበል። ወገቤ ማሽኑ ጋ መቆም እምቢ ብሎኛል። ለሠርግ፣ ለባር ሚጽቫ ፎቶ እያነሳሁ ከዚያ ቤት ካልወጣሁ ሌላ መውጫ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ፎቶ እማዬን አነሳኋት። የምትተኛው ማማዱ ውስጥ ነው። ሮኬት እንዲችል ተብሎ የተሠራ ክፍል፣ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ አንድ፣ ብርሃኑ ንፉግ። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ የወርቅ ጉትቻዋን አደረገች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ሰማያዊ ጥለቱን አሳምራ ወደ ታች ለቀቀችው። ከዚያ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች።

"አነሳሽኝ?"

"ኧረ አንስቼ ጨረስኩ።"

"አልጮኸም እኮ።"

"ድምፁ ተዘግቶ ነው የመጣው። የድሮው ዓይነት አይደለም፣ ውስጡ መስታወት የለውም።"

"ድምፁ ካልተሰማ በምን ይታመናል" አለችና ሳቀች። ስትስቅ አላነሳኋትም፣ ቁልፉ ጠፋኝ። "በይ ለትርንጎ ላኪላት። ከስታለች እያሉ ያወሩላታል፣ ዓይኗ አይቶ ይመን።"

ትርንጎ ታናሽ እህቷ ናት። እኛ እስራኤል ከመጣን ጀምሮ ጎንደር ሆና ተራዋን ትጠብቃለች።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

ሰማኝ ከሚኖርበት ከባርኔአ ሰፈር መጥቶ ፎቅ አልወጣም። ደውሎ ታች መኪና ማቆሚያው ጋ አስወረደኝ።

"አክስቴ ትርንጎ አርፋለች" አለኝ። ያለፈው ዓርብ ነው። ታመመች እንኳ ሳይባል። ልጇ ይርዳው ነው የደወለለት፣ ቀብረዋታል።

ልጮህ አፌን ስከፍት ክንዴን ያዘኝ። "እንዳታለቅሺ። ዓይንሽ ከቀላ ታውቅብሻለች።" የእማዬ የልብ ኒቱአኽ፣ ቀዶ ሕክምናዋ፣ ለኖቬምበር ተቆርጧል። የልቧ በር ጠቦ ደም በደንብ አላሳልፍ ብሎ ነው የሚከፍቷት። ሐኪሙ አታስደንግጧት ብሏል። "ድና ስትወጣ እንደ ወጉ ማለዳ ሽማግሌ ይዘን፣ ዘመድ ሰብስበን መርዶዋን እንነግራታለን። እስከዚያ አንቺም አልሰማሽ፣ እኔም አልሰማሁ።" እሺ አልኩ። ምን እላለሁ? እውነቱን ነው።

በጃኬቴ እጅጌ ፊቴን ጠርጌ ወጣሁ።

"ትርንጎ ፎቶዬን አየችው?" አለችኝ ገና በሩን ስዘጋ።

"አይታዋለች።"

"ምን አለች?"

"አምሮባታል አለች።"

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። አክስቴ ትርንጎ እኔን አዝላ ያሳደገች ሴት ናት። እንግዲህ ዛሬ የሞተች ሴት አናገርኩ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 26

ሩጫ። የማለዳ ፈረቃ። ባትሪው አለቀ፣ ይህ ካሜራ ባትሪ ይጠጣል። እማዬ ሌላ ፎቶ አንሺኝና ላኪ ትላለች። ያነሳሁት ሁሉ ፊቷን አጥቁሮ ነጠላዋን ብቻ ያሳያል። መመሪያው በዕብራይስጥ፣ ደቂቅ ፊደል። ዓይኔ ደከመ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 29

የሰፈሩ ማዕከል፣ ማትናሱ ውስጥ በየሳምንቱ የፎቶ ኮርስ የምታስተምረው ኦርሊ ትባላለች። የእማዬን ፎቶ አሳየኋት። ካሜራው ሞኝ ነው አለች። ነጭ ነገር ሲበዛበት ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያጨልመዋል። ነጠላ የለበሰ ሰው ስታነሺ ብርሃኑን አንቺ ጨምሪለት። ይህችን ብቻ ማወቄ የዓመት ደስታ ሆነኝ።

ሌላም አሳየችኝ። የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ስትከፍቺው ዓይን ብቻ ይጠራል፣ ሌላው ሁሉ ይሟሟል። ትንሽ አራት ማዕዘን የሰውየውን ዓይን ይዛ ትከተላለች፣ ዞር ቢል እንኳ አትለቀውም። በዚህ ተለከፍኩ። ማታ እማዬን እንዲያ አነሳኋት። ቅንድቧ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ማማዱ፣ አልጋው፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ሁሉ ጠፋ። እንዲህ ደስ ያለኝ መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

"ላክሽላት?"

"ልኬያለሁ። ኔትወርክ ሲመጣ ታየዋለች።"

ወዲያው አልጋዬ ውስጥ ገብቼ ራሴን ሰደብኩ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

እማዬ ዛሬ ከአረጋውያን መዋያው፣ ከሞዓዶን፣ ስትመለስ ጎረቤታችን እትዬ ጦቢያ ክንዷን ይዛ በር ድረስ አደረሰቻት። ግቢ ብላት "አይ፣ ልሂድ፣ ልጄ" ብላ እኔን ሳታየኝ ወረደች። ወትሮ ሳትገባ፣ የጎረቤቱን ወሬ ሁሉ ሳታራግፍ አትሄድም።

እማዬ እራት አልበላችም። ደክሞኛል አለች። ጉትቻዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ጆሮዬን ከበደኝ" አለች። ሐኪም ቤት ለማንኛውም አውልቁ ይላሉ፣ ካሁኑ መልመዷ ጥሩ ነው። ልቧ እየደከመ ነው መሰለኝ። የሚያስፈራኝ ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር አይደለም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ከኮርስ ስመለስ እማዬ ለብሳ ጠበቀችኝ። "አንሺኝ" አለች። አልጋው ላይ አይደለም። የሺረልን የልጅነት ዱካ አስወጥታ ወለሉ ላይ ዝቅ ብላ ተቀምጣለች። ወገብሽን ያምሻል ብላት "እዚህ ነው የምነሳው" አለች።

ነጠላዋ ዛሬ አስቸገረኝ። ጥለቱ ወደ አንገቷ ወጥቶ አገጯ ሥር ሰማያዊ ነጸብራቅ ይጥላል፣ የፊቷን ቀለም ያበላሻል። ላስተካክልላት እጄን ስሰድድ መታ አደረገችኝ። "ተዪው። እንዳለ አንሺኝ።" እጇ ሲደክም አለባበሱም ይከብዳታል። ያን ያህል አልተጨነቅሁበትም፣ ቀዳዳውን ከፍቼ ዓይኗን ብቻ ያዝኩ። ጥለቱ ሟሟ።

ፎቶው ግን ፎቶ ነው። ዓይኖቿ እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። አልሳቀችም፣ ትንፋሿንም አልያዘችም።

"ለጎንደር ላኪ" አለች። "ቶሎ።"

"ዛሬውኑ" አልኳት።

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" አለችና ተደግፋኝ ተነሳች። ምን ለማለት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። አሁን ስጽፈው እንኳ ባላስታውሰው ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ማታ፣ ኖቬምበር 8

ሰንበት እንደወጣ ስልኬን ስከፍት የይርዳው ድምፅ ጠበቀኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በዝግታ ሰማሁት።

"እህቴ ሀረጓ፣ እንደምን ከርማችኋል። ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ እንዳልተረዳች እኔ አውቃለሁ፣ ሰማኝ ነግሮኛል። ሰው ግን አያውቅም። ለቅሶ ቤቱ ገና ሰው አለው። 'እህቷ እስራኤል ሆና ቃል እንኳ አልላከችም፣ ነጠላዋን ሳታዘቀዝቅ ቀረች' ይላሉ። እናትህ ከአንድ ማህፀን የወጣ ሰው የላትም ወይ ይሉኛል። ለሰው ምን ብዬ ላስረዳ? ታማለች ብላቸው ሰበብ ነው ይላሉ።"

ደጋግሜ ሰማሁት። ትንሽ ታገሡን ብዬ ጻፍኩለት። ይህ ልጅ ከታገሠን በላይ ምን ይታገሥ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11

ኒቱአኹ ተገፋ። ለ24 አሉ። አልጋ የለም። ሰማኝ በስልክ ሲጮህባቸው እማዬ "ተዋቸው፣ ልጄ፣ እኔም ጉዳይ አለብኝ" አለች። ምን ጉዳይ አለባት?

ሺረል ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ "ኢማ፣ ሳብታ ዮዳዓት" አለችኝ። ምኑን ነው አያትሽ የምታውቀው ብዬ ተቆጣኋት። ትከሻዋን ነቅንቃ ቧንቧውን ዘጋች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ሁሉን የምታውቅ ይመስላታል።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

ትናንት ኮርስ ላይ ኦርሊ የእማዬን ፎቶዎች ትልቁ ግድግዳ ላይ አበራቻቸው። ደስ አለኝ። ከዚያ "ሀረጓ፣ ሁሉም ዓይን ብቻ ናቸው" አለች። "ይህ ከአገጯ ሥር ያለው ሰማያዊ ጭጋግ ምንድነው?"

"የነጠላ ጥለት ነው።"

"እጅ የሠራው ነገር ነዋ። ለምን ታጠፊዋለሽ? ቀዳዳውን አጥብቢ፣ ሁሉም ይጥራ። የሚያምርሽን ብቻ እያጠራሽ ፎቶ አንሺ አትሆኚም።"

ስለ ፎቶ ነው የምታወራው። መንገዱን ሙሉ ግን አናደደችኝ። ዛሬም ብስኩት እየደረደርኩ ከእሷ ጋር ስጨቃጨቅ ዋልኩ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 17

እማዬ ባሕር ዳር ውሰጂኝ አለች። ሰማኝ መኪናውን አመጣ። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፣ የመብራት ኃይሉ ጭስ ማውጫዎች ከሩቅ ይታያሉ። እሷ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ወደ ባሕሩም አላየችም፣ ወደ ሌንሱ ነው። ኦርሊ እንዳለችው ቀዳዳውን አጠበብኩ። ባሕሩም፣ ድንጋዩም፣ እሷም በአንድ ላይ ጠሩ። በትንሿ መስኮት ብቻ አየሁት፣ ቤት ገብቼ በኮምፒውተር አያለሁ ብዬ ተውኩት።

ሰማኝ ከጀርባዬ ቆሞ "ዝም አለች፣ አይደል?" አለኝ።

"ብርድ ነው" አልኩት።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ "ይህንንም ላኪ" አለች። ሰማኝ መስታወቱ ውስጥ አየኝ። እልካለሁ አልኳት።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

የስግድ በዓል ነው። ሰፈሩ ባዶ ነው፣ ሰው በአውቶቡስ ኢየሩሳሌም ወጥቷል። እማዬ ሐኪሙ ከልክሏት ቀረች። እንዳትጾሚ ብያት ነበር፣ እህል በአፏ አልዞረም። በሬዲዮ የቄሶቹን ጸሎት እየሰማች፣ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ዋለች። እኔ ፈረቃ ነበረኝ። ቆሜ የተኛሁ መሰለኝ።

ቅዳሜ ማታ፣ ኖቬምበር 22

የባሕሩን ፎቶ ከፈትኩት። ጥራቱን ለማየት አጎላሁት፣ መጀመሪያ ዓይኗን፣ ከዚያ ወደ ታች።

ጥለቱ ክር በክር ይታያል። ወደ ታች መውረድ የነበረበት ሰማያዊ ጥለት አንገቷን ዞሮ አገጯ ሥር ነው። ጆሮዋ ባዶ ነው። ፀጉሯ ቅቤ ካየ ቆይቷል።

ወደ ኋላ ሄድኩ። ዱካው ላይ የተነሳችው፣ ከዚያ ወዲህ ያነሳኋት ሁሉ፣ ያ ሰማያዊ ጭጋግ አለበት። ከዱካው በፊት ባነሳኋቸው ላይ ግን ጥለቱ ወደ ታች ነው።

እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው ካሜራዬ ፊት ለቅሶ ተቀምጣ። አላየሁም ብዬ እንዳልጽፍ፣ እጄን መታ የመለሰችው እኔን ነው። ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ይህን እንዴት አላውቅም? አይቼ ነው ያሟሟሁት።

እሑድ፣ ኖቬምበር 23

ነገ ማለዳ ሐኪም ቤት እንገባለን። ከሥራ ቀረሁ። ከሰዓት በኋላ ቡና እንኳ ሳልጠጣ ክፍሏ ገባሁ። ለብሳ፣ ዱካው ላይ፣ እየጠበቀችኝ ነበር።

"እማዬ፣ ነጠላሽን አዘቅዝቀሻል።"

"አሁን ገና አየሽው?" አለችኝ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የነገረቻት እትዬ ጦቢያ ናት። ታውቃለች ብላ ሞዓዶን ውስጥ እግዜር ያጽናሽ አለቻት። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች፣ ግን አንዴ ወጥቷል።

"ለምን ዝም አልሽን?"

"እናንተ ለልቤ ፈርታችሁ በየጥጋጥጉ ስትንሾካሾኩ ሳይ፣ እኔ ለእናንተ ፈራሁ። ሰማኝ ካወቀች ትሞታለች ብሎ ቆርጧል። ማወቄን ቢያውቅ እሱ ነው የሚሞትብኝ።"

"ታዲያ ፎቶውን ለትርንጎ ላኪ ስትይኝ..."

"የሞተች ሰው ፎቶ ታያለች እንዴ፣ ሀረጓ? ለልጆቿ ነዋ። ሄጄ አልደርስ፣ እናንተ እያላችሁ ጮኼ አላለቅስ። ጉትቻዬን አውልቄ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ መሬት ወርጄ ተቀመጥኩልሽ። ይርዳው ሲያየው ይገባዋል፣ ለሰው ያሳያል ብዬ ነው። አሳየ?"

ያን ጊዜ መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ።

"አልላክሁም።"

"የባሕሩን?"

"አንዱንም አልላክሁም፣ እማዬ።"

ዓይኔን አላነሳሁም። ሁሉም ካሜራው ውስጥ፣ ያቺ ጥፍር የምታክል ካርድ ላይ ናቸው። እሷ በየቀኑ ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ፣ እኔ በሩን ዘግቼባት ኖሬአለሁ። ይርዳው ያለውን ጠየቀችኝ። ዋሽቼ ሰልችቶኛል፣ ሰው የሚለውን ሁሉ እንዳለ ነገርኳት። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"እህቷን ያላለቀሰች ተብዬ ቢላዋ ሥር አልገባም" አለች። "ዛሬ ይሂድ።" ከዚያ አየችኝ። "አንቺስ? አንቺስ መቼ አለቀስሽላት? በጀርባዋ አይደል ያደግሽው?"

አላለቀስኩም። ዓይንሽ ይቀላል ተብዬ።

"ነጠላ አምጪ።"

አመጣሁ። ራሷ አዘቅዝቃ አለበሰችኝ። ካሜራውን መጻሕፍት ላይ አስቀመጥኩ፣ ራሱ እየጠበቀ እንዲያነሳን አስተካከልኩት፣ ቀዳዳውን አጠበብኩ።

"ድምፁን ክፈቺው" አለች። "ዛሬ ይጩህ።"

ዝርዝሩ ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት። አጠገቧ ወለሉ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ቀዩ መብራት ብልጭ ብልጭ ሲል እማዬ ደረቷን መታ "እህቴ፣ ትርንጎዬ፣ እኔን ያስቀድመኝ ያልኩሽ" ብላ ጀመረች። እኔም ተከተልኳት። ካሜራው ቀጭ አለ። ሌላም ቀጭ አለ፣ እኛ ግን ረስተነዋል። ሺረል መጥታ አያቷን ከኋላ አቀፈቻት። ሰማኝን የጠራችው ሺረል ናት። መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ ሁላችንንም አየን፣ ጫማውን አውልቆ አጠገባችን መሬት ተቀመጠ። የሰማኝን ለቅሶ ከልጅነታችን ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ልቧ ምንም አልሆነም። ለቅሶው ሲያልቅ ውሃ ጠጥታ ደህና ተነፈሰች።

ሁሉንም ለይርዳው ላክሁ። ከዱካው ጀምሮ፣ ቀን በቀን፣ እስከ ዛሬው። እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስልኩን ትጠብቃለች። አንድ ምልክት ብቻ፣ ገና አልደረሰም። እዚያ ኔትወርክ የለም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 24

ኮሪደር ላይ ነኝ። በደረሰኝ ጀርባ ነው የምጽፈው፣ በኋላ እገለብጠዋለሁ። ካሜራው ቤት ቀርቷል።

ሲነጋ ገና አንድ ምልክት ነበር። መኪና ውስጥም አንድ። ደም ሲቀዷትም አንድ። እሷ ስለ ኒቱአኹ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። "ደረሰ?" ትለኛለች። "ገና ነው፣ እማዬ።" ከእንግዲህ አልዋሻትም።

አልጋውን የሚገፋው ሰውዬ መጣ። ሰማኝ ትንሽ ቆይ አለው። ስንት ሰው ይጠብቃል አለ ሰውዬው፣ እውነት አለው። በሩ ጋ ስንደርስ ስልኬ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። የይርዳው ድምፅ ነው። ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት።

"አክስቴ፣ መብራት የመጣው ማለዳ ነው። ሰው ለቅሶ ቤት ሰብስቤ አንድ በአንድ አሳየሁ። ስልኩ ከእጅ እጅ ዞረ። ያ ሁሉ ሲያማሽ የነበረ ሰው አለቀሰ። ይኸው እህቷ ደረሰችላት አሉ።"

"ድገሚልኝ" አለች። ደገምኩላት። ሰውዬው አልጋውን ይዞ ቆሞ ጠበቀ።

ስልኩን በእጇ ገፋ አድርጋ መለሰችልኝ። ቀና ብላ ሰውዬውን አየችው።

"በል እንግዲህ፣ ልጄ፣ ውሰደኝ" አለችው። በአማርኛ ነው ያለችው። ገባውና ገፋት።